አርባ ጊዜ የገደሉኝ ጋሽ ቶላ

ባለፈው ጥር ዚፕ ልገዛ ወጥቼ አዳማ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የድሮ የሥራ ባልደረባዬን እታለማሁን አገኘኋት። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና፣

«ሰማሽ? ሰውዬው ሞቱ» አለችኝ።

«የትኛው ሰውዬ?»

«የገደሉን ናቸዋ!»

አጠገባችን ካልሲ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ቀና ብላ አየችን። ሁለት ስልሳን ያለፉ ሴቶች፣ አንዷ ባዶ ዘንቢል ይዛ፣ ሌላዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ለገዳያቸው መንገድ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ ብታይ ምን ታስብ? እታለማሁ ግን ልክ ናት። ጋሽ ቶላ እኔን አርባ ጊዜ ገድለውኛል። የእሷን ቆጥረን አንዘልቀውም፤ በር በተከፈተ ቁጥር ሮጣ የምትገባ ሴት ነበረች።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ከተማችን ናዝሬት በምትባልበት ዘመን፣ ከሐዲዱ ማዶ በአንድ አሮጌ የጥጥ መጋዘን ውስጥ የልብስ ስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበረን። ሃያ ሁለት ሴቶች በእግር በሚነዳ የስፌት መኪና ላይ ተደርድረን ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካኪ እንሰፋለን። የካኪ ሱሪ፣ የካኪ ሸሚዝ፣ የካኪ ኮሮጆ። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ረፋዱ ካለፈ በኋላ እኛም ካኪውም አብረን እንበስላለን። በመካከላችን የነበሩት ወንድ አንድ ብቻ ናቸው፤ ቆራጩ ጋሽ ቶላ።

የመቂ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ሜትር የማይጠፋ፣ ጠመኔያቸውን ጆሯቸው ላይ የሚሰኩ። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነበር፤ ሲደሰቱና ሲደነግጡ ግን ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። ሁላችንንም «ኢንታላ ኮ» ነው የሚሉን፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ታዲያ እኒህ ሰው በናዝሬት ከተማ ተፈልጎ የማይገኝ ፈሪ ነበሩ። ሐሜት አይደለም፤ ራሳቸውም አይክዱትም። ውሻ የታሰረበት ደጅ እንዳለ ከሰሙ ያንን መንገድ ትተው ሰፈሩን ዞረው ይመጣሉ። አንድ ቀን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ውስጥ እንቁራሪት ዘልላ ወጣችና እሳቸው የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወጡ። ያን የሚያህል መቀስ እንደ ጎራዴ ይዘው «አውጧት! ኧረ አውጧት!» ሲሉ እታለማሁ እንቁራሪቷን በእጇ አንስታ ወደ ውጪ ወረወረቻት። ከጠረጴዛው የወረዱት ግን ከምሳ በኋላ ነው።

እኔ ማኅበሩ ስገባ የአራት ወር ሕፃን ነበረኝ። እሱ ሲያለቅስ ያድራል፣ እኔ መኪናው ላይ ሳንቀላፋ እውላለሁ። ባለቤቴ ባቡር ላይ ስለሚሠራ ከሳምንቱ አብዛኛውን ድሬዳዋ ነው። አንድ ቀን እግሬ ፔዳሉን እየመታ ዓይኔ ተከደነና መርፌው አውራ ጣቴን ከነጥፍሩ በሳው። ጮህኩ። ጋሽ ቶላ ሊረዱኝ እየሮጡ መጡ፤ ደሙን አዩ፤ ወደቁ። ግማሾቹ ሴቶች እኔን፣ ግማሾቹ እሳቸውን ሲያራግቡ ዋሉ።

በማግሥቱ ልክ እንቅልፌ በሚመጣበት ሰዓት ጋሽ ቶላ ጨርቅ እየቆረጡ፣ ቀና ሳይሉ፣

«ኢንታላ ኮ፣ ከመተኛት መፍራት ይሻላል። አንድ ቤት ላስገባሽ» አሉኝ።

«የምን ቤት?»

«ከአዋሽ ወዲህ ያለ፣ አንድ ጣሊያን ሠርቶ ጥሎት የሄደ ቤት። አሥራ ሁለት ክፍል አለው። ፋኖስ ይዘሻል፤ ላምባው ግማሽ ነው። ሦስት ክብሪት አለሽ። አሁን ገባሽ። በሩ ከኋላሽ ተዘጋ። ከፊትሽ ሁለት በር አለ። ከአንደኛው ውስጥ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። በየትኛው ትገቢያለሽ?»

መልስ የሚፈልጉ አልመሰለኝም ነበር። ተረት የሚያወራ ሰው ይነግራል እንጂ አይጠይቅም። እሳቸው ግን መቀሱን አስቀምጠው ጠበቁኝ።

«ድምፅ ወዳለበት» አልኩ፣ ሰው አለ ብዬ።

«አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታሽ ትሰፋለች።»

«እንደምን ዋሉ እላታለኋ።»

ጋሽ ቶላ ጠመኔያቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። «ዞረች» አሉ። ከዚያ ልባቸው በተነካ ድምፅ፣ «ሞትሽ፣ ኢንታላ ኮ። በይ ስፊ» አሉኝ።

የዚያን ቀን እንቅልፍ በአጠገቤም አላለፈ። በማግሥቱ ራሴው ነኝ «ጋሽ ቶላ፣ በሌላው በር ብገባስ?» ያልኳቸው። ከጎኔ የምትሰፋው እታለማሁ መኪናዋን አቆመችና «እኔም ልግባ» አለች። በሳምንቱ ከመጋዘኑ ጥግ ያሉት ሴቶች አንሰማም ብለው መኪናቸውን እየጎተቱ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ተጠጉ።

እንዲህ ተጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሄደ።

ሕግ ነበረው። በቀን አንድ ሰው ብቻ ይገባል፤ ሌሎቻችን መምከር እንችላለን፣ መወሰን ግን የገባችው ፈንታ ነው። ቤቱ ውስጥ ቁልፍ ስታገኚ ጋሽ ቶላ ከቆርቆሮ ጣሳቸው እውነተኛ የሸሚዝ ቁልፍ አውጥተው እጅሽ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከጠፋብሽ በሩም አይከፈትም። እታለማሁ አንዴ ቁልፏን ረስታ ሸሚዝ ላይ ሰፍታው፣ ሸሚዙ ተጭኖ ሄዶ፣ ሦስት ቀን ምድር ቤት ውስጥ ተቆልፎባት ከርማለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጓዳው አለ። በየቤቱ አንድ ጠባብ ጓዳ ይኖራል፤ ኩራዝ በርቶ፣ በርጩማ ተቀምጦ። ጓዳ ከገባሽ የሚነካሽ የለም። ብትሞቺም ከመጨረሻው ጓዳሽ ነው የምትነሺው። ጓዳ ተገኘ ሲባል ሃያ ሁለታችንም እፎይ ስንል እስከ ቆርቆሮው ጣራ ይሰማ ነበር።

አነጋገራቸውም ነበራቸው። «መጀመሪያ በሮቹን ቁጠሪ፣ ከዚያ ፍሪ» ይላሉ። «ላምባሽን ለንዴት አታቃጥዪው» ይላሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሂን ሶዳቲን»፣ አትፍሪ፣ ያሉ ቀን ደግሞ አለቀልን፤ ጋሽ ቶላ አትፍሪ የሚሉት ሊገድሉ ሲሉ ነው። ጀርባዋን ሰጥታ የምትሰፋዋን ሴት «እሜቴ ጀርባ» ብለን ስም አወጣንላት። ፊቷ ምን እንደሚመስል ስንጠይቃቸው፣ «ያየ ሰው ተመልሶ አልነገረኝም» ይሉናል።

ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ግን ለምነን ለምነን አንዲት ቃል አይተነፍሱም። «ማታ ማታ እኔም እሰማዋለሁ እኮ!» ብለው ይቆጣሉ።

አንዱ ቤት ሲያልቅ ሌላ ይጀመራል። ሁለተኛው ባቡሩ ነበር፤ ከአዋሽ ጣቢያ ሲነሳ ስምንት ፉርጎ ያለው፣ መተሐራ ሲደርስ ዘጠኝ የሚሆን። ሦስተኛው ፍልውሃው ነው፤ በእንፋሎቱ ውስጥ የማታይው ሰው ከጎንሽ ተቀምጦ የጀመርሽውን ዓረፍተ ነገር ይጨርስልሻል። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሶደሬ አልሄድኩም። አራተኛው የሸንኮራ አገዳው እርሻ ነው፣ ያለፍሽበት መንገድ ከኋላሽ እየተዘጋ የሚሄድበት፤ እንደ እኔ እንደ እኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። እታለማሁ ባቡሩን ያህል የለም ባይ ናት፤ በዚህ ነገር እስካሁን አንግባባም። አምስተኛው ገበያው ነበር፤ ሻጮቹ በሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተው የተቀመጡበት። ስድስተኛውን እመለስበታለሁ፣ የሚያሳፍር ነው።

እንግዲህ የሃያ ሁለት መኪና ጩኸት በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲል ውጪ ላለ ሰው ያስደነግጣል። ጸጥ ሲል፣ ከዚያ አንዲት ሴት ስትጮህ፣ ከዚያ ሃያ ሁለቱ ሲስቁ። አንድ ሰው ለቀበሌው ነገረ። በማኅበሩ ውስጥ ስለ ተቆለፈ ቤትና ስለ ማምለጥ ምስጢራዊ ውይይት ይካሄዳል ተባለ። አንድ ረቡዕ ጠዋት የቀበሌው ካድሬ ጓድ ደምሴ ከች አለ።

ጓድ ደምሴ አጭር፣ ንጹሕ፣ ካኪው ላይ አንዲት መጨማደድ የማይታይበት ሰው ነበር። የሚያስፈራው ደግሞ ድምፁን ከፍ የማያደርግ መሆኑ ነው። ጋሽ ቶላን ከጠረጴዛቸው ፊት አቆማቸው፤ እኛም መኪናችን ላይ ደርቀን ቀረን።

«የቤቱ ባለቤት ማን ነው?» አለ፣ እርሳሱን አውጥቶ።

«ጣሊያን ነበር ጓድ። ሄደ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ በአዋጁ ተወርሷል። ተረካቢ አልተገኘም እንጂ።»

እታለማሁ ሳል ያዛት።

«ሴትዮዋስ? ፊውዳል ናት?»

ጋሽ ቶላ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ። ግን መለሱ፣ «ጀርባዋን ብቻ ነው የምናየው ጓድ። ከጀርባ መደብ አይለይም።»

«ጓዳ የምትለውስ? ጓድ ማለትህ ነው?»

«ጓዳ፣ ጓዳ ነው የምለው! ጓዳ ውስጥ ማንም አይነካዎትም።»

መደበቂያ ያለን አስመስሎ ነገሩ ከዚያ የባሰ ሆኖ ተሰማን፤ ጋሽ ቶላም ሲገባቸው ላባቸው ጠመኔያቸው ላይ ወረደ። ጓድ ደምሴ ጻፈ። ቀና አለ። ሁላችንንም ተራ በተራ አየን። ከዚያ ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

«አሳየኝ። እኔ ልግባ።»

ፋኖስና ሦስት ክብሪት ተሰጠው። ገና ከመግባቱ ሦስቱንም ክብሪት ጫረ። እኛ ሴቶች ተያየን። ኮሪደሩን በሰልፍ እርምጃ አለፈው። በሮቹን አልቆጠረም። የስፌት መኪና ድምፅ የሚሰማበትን በር በእርግጫ ከፈተ።

«አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታዎታለች» አሉ ጋሽ ቶላ፣ ድምፃቸው እየከሳ። «ጓድ፣ ቢመለሱ ይሻላል።»

«መታወቂያ እጠይቃታለሁ።»

ትዝ የሚለኝ የቆርቆሮው መንጣጣት ነው።

«ዞረች» አሉ ጋሽ ቶላ።

«እና?»

ካድሬን ሞተሃል ብሎ በጠዋት የሚነግር ማን ነው? ጋሽ ቶላ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ፣ በሁለት እጃቸው ያዙት፣ አንገታቸውን ደፉ።

«ተሰዉ፣ ጓድ።»

ጓድ ደምሴ ለረጅም ጊዜ እርሳሱን አየው። ጆሮው ቀልቷል። አስሮን ሊሄድ ነው ብዬ የልጄን ነገር ማሰብ ጀምሬ ነበር። ካድሬው ጉሮሮውን ጠረገና፣

«እንደገና» አለ።

ከዚያ ወዲያ ረቡዕ የጓድ ደምሴ ተራ ሆነ። ለቁጥጥር ነው የሚመጣው፤ ሁልጊዜም እንዲያ ነው የሚለው። ለቁጥጥር የመጣ ሰው ግን «ባለፈው ጓዳ ውስጥ ነበርኩ፣ ቁልፌስ?» ብሎ ከኪሱ የሸሚዝ ቁልፍ አያወጣም።

ስድስተኛውን ያበላሸውም እሱ ነው። «ሰፊው ሕዝብ ባዶ እጁን ለምን ይገባል? መሣሪያ ይኑረው» አለ። ትእዛዝ ነውና ጋሽ ቶላ ታዘዙ። በስድስተኛው ቤት ለእያንዳንዳችን ጠመንጃ ተሰጠን። ቀጥሎ መትረየስ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት ሄሊኮፕተር ጣራው ላይ አረፈ። እሜቴ ጀርባን በጥይት አሳደድናት። ማንም አልጮኸ፣ ማንም መኪናውን አላቆመ፤ እኔ እንደ ድሮዬ ማንቀላፋት ጀመርኩ። እታለማሁ በተራዋ «ተኩሼ ገደልኩት፣ ቀጥሉ» እያለች እጅጌ ትገጥም ነበር።

በመጨረሻ ጓድ ደምሴ ራሱ፣ «ጓድ ቶላ፣ አያስፈራም እኮ» አለ፣ ቅር ብሎት።

«መሣሪያ የያዘ ሰው ምን ይፈራል ጓድ? የሚያስፈራው እሱ ራሱ ነው።»

ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ መሬት ሳይደርስ ደንግጠው፣ «ለጠላት! ለጠላት ማለቴ ነው!» አሉ። ጓድ ደምሴ ቆቡን አድርጎ ወጣ። ስድስተኛው ቤት እዚያው ላይ ቀረ፤ ሁለት ወር ያህልም ሌላ አልተጀመረም።

በዚያው ክረምት ወንድሜ ታምሩ ለብሔራዊ ውትድርና ተፈለገና ጠፋ። ከእኔ ጋር ይኖር ስለነበረ ቀበሌው እሱ እስኪቀርብ ድረስ እኔን ያዘኝ። ግቢው ውስጥ የድሮ የእህል ማስቀመጫ የነበረ አንድ ክፍል አለ፤ አንድ በር፣ አንድ በብረት የታጠረ መስኮት። ዘጠኝ ሴቶች ነበርን፤ ሁላችንም ወንድም ወይም ልጅ የጠፋብን። ወደ ከፍተኛው፣ ከቀበሌው በላይ ወዳለው እስር ቤት፣ ልትዛወሩ ነው የሚል ወሬ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማንም በቃል አይናገረውም። ልጄ ጎረቤት ነበር። ያንን ፍርሃት ልገልጸው አልሞክርም። የጋሽ ቶላን ፍርሃት ዘጠኝ ዓመት የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ያኛው ግን ጓዳ የለውም።

በሦስተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ከመስኮቱ ሥር፣

«ኢንታላ ኮ፣ አለሽ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አላመንኩም። እዚያ ግቢ ውስጥ ጥጃ የሚያህል ውሻ ከዛፍ ታስሮ ነበር፤ ገመዱ መስኮቱ አጠገብ ሊደርስ ክንድ ነው የሚቀረው። ተንጠልጥዬ ባይ ጋሽ ቶላ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ውሻው እየጮኸባቸው ቆመዋል።

«እንዴት አስገቡዎት?»

«ጓድ ደምሴን ጠየቅኩት። ወሬ አላቀብልም፣ ሰባተኛውን ብቻ ልንገራት አልኩት።»

«ምን አለ?»

«ሰባተኛው ተጀመረ እንዴ? አለኛ።»

በእርግጥም ትንሽ ቆይቶ ጓድ ደምሴ ወንበር ይዞ መጣ። ግቢው መካከል፣ ፊቱን ወደ በሩ፣ ጀርባውን ወደ እኛ አድርጎ ተቀመጠ። ለቁጥጥር።

ጋሽ ቶላ ጀመሩ። ድምፃቸው መጀመሪያ አይሰማም ነበር፤ ሴቶቹ «ጮክ ይበሉ!» አሏቸው። ሰባተኛው ቤት አንዲት ክፍል ብቻ ናት። አንድ በር፣ አንድ መስኮት። ፋኖስ የለም፤ ቀን ነው። ውስጥ ዘጠኝ ሴቶች አሉ።

«አሁን ተቆጠሩ» አሉ።

ቆጠርን። ዘጠኝ።

«በቤቱ ውስጥ ያሉትም ተቆጠሩ። አሥር ሆኑ።»

አጠገቤ የነበሩት አንዲት እናት ክንዴን እስኪያመኝ ያዙኝ። «ሂን ሶዳቲን» አሉ ጋሽ ቶላ ዝግ ብለው። «ነገ እመጣለሁ።» በግድግዳው ተለጥፈው፣ በጎን እየተራመዱ ሄዱ።

ያን ከሰዓት ሴቶቹ ስለ መዛወር አላወሩም። አሥረኛዋ ማን ናት? ከመካከላችን ናት ወይስ ገና ትገባለች? እንቁጠር፣ እንደገና እንቁጠር ስንል በሩ ተንጓጓና ዘበኛው አንዲት ቀይ ሽንኩርት ነጋዴ ወደ ውስጥ ገፍትሮ ዘጋው። ዘጠኛችንም እንደ አንድ ሰው ጮኽን። አንዷ ጥግ ላይ ከነበረ አሮጌ ጆንያ ኋላ ገባች። ምስኪኗ ሴትዮ በሩን እየደበደበች «አውጡኝ! እብድ ቤት ነው ያስገባችሁኝ!» ስትል ዘበኞቹ መሣሪያ ይዘው መጡ። እውነቱን ስንነግራት ግን በማግሥቱ ለምሳ ሰዓት ከሁላችን ቀድማ መስኮቱን የያዘች እሷ ነበረች።

እንዲህ ስምንት ቀን ተነገረን። በስምንተኛው ቀን ጋሽ ቶላ ከወትሮው ዘገዩ። ሲጀምሩም ወደ እኛ አልነበረም።

«ጓድ» አሉ። «ዛሬ የእርስዎ ተራ ነው።»

ጓድ ደምሴ ሳይዞር፣ «በየት ነው የምገባው?» አለ።

«በዚህኛው አይገቡም። እርስዎ ውጪ ነው የተቀመጡት፤ ጀርባዎን ወደ ሴቶቹ ሰጥተው። ቁልፉ በኪስዎ ነው። ሴቶቹ ቢዞር ምን ይሆናል እያሉ ጀርባዎን ያያሉ። ምን ያደርጋሉ?»

ሽንኩርት ነጋዴዋ «ወይኔ ሰውዬው!» ብላ አፏን ያዘች። ጋሽ ቶላን ከላይ ሆኜ አያቸዋለሁ፤ እንቁራሪት የምታስሮጣቸው ሰው፣ ሁለት እጃቸውን ግድግዳው ላይ ዘርግተው፣ መልስ ይጠብቃሉ። ዘጠኝ ዓመት እንደጠበቁን።

ጓድ ደምሴ ተነሳ። ወንበሩን አነሳ። ሳያየን ሄደ።

ጋሽ ቶላ በማግሥቱ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ሥራ ገቡ፤ ለእስር ተዘጋጅተው። እታለማሁ እንደነገረችኝ ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ሥር አድርገው፣ ቀኑን ሙሉ አንዲት ስሕተት ሳይሠሩ ሠላሳ ሱሪ ቆረጡ።

ማንም አልመጣባቸውም። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ የእኛ በር ተከፈተ። የከፈተው ዘበኛው አልነበረም፤ ጓድ ደምሴ ራሱ ነው። «ወደየቤታችሁ» አለ። ሴቶቹ ጫማቸውን ሳያደርጉ ወጡ። እኔ በአጠገቡ ሳልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ለቶላ፣ ዞሯል በይልኝ» አለኝ።

ተረቱ ነው ያስፈታን ብዬ አልምልም። ያን ሰሞን ከላይ ትእዛዝ መጣ የሚሉም ነበሩ፣ ክፍሉ ለእህል ተፈልጎ ነው የሚሉም ነበሩ። ጓድ ደምሴ ራሱ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ መጨረሻውን አላውቅም። እኔ የማውቀው ከቀበሌው በቀጥታ ወደ ማኅበሩ መሄዴን ነው። መልእክቱን ስነግራቸው ጋሽ ቶላ የካኪ ጣቃ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ እንደ ሕፃን በጉጉት አዩኝና፣

«ፊቱስ? ምን ይመስላል?» አሉኝ።

«የሰው ፊት ነው፣ ጋሽ ቶላ።»

«ያስፈራል?»

«የተኛ አይመስልም። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።»

«አዬ» አሉ። «እሱም ጓዳ ጠፍቶበት ነው።»

ታምሩ ለካ መቂ ተደብቆ የቲማቲም ሣጥን ጭነት ላይ ይውል ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ ከሄደበት ወፍሮ ተመለሰ። ማኅበሩም ያኔ ፈረሰ፤ ጋሽ ቶላ መቀሳቸውን ይዘው አገራቸው ገቡ። አንዴ ሄጄ አመሰግናለሁ እያልኩ ስንት ዓመት አለፈ። መቂ ሩቅ አይደለም። ሰው ግን ሩቅ ላልሆነ ነገር ሁልጊዜ ነገ አለው።

በዚያ በጥር ወር ቀን ዚፑን ሳልገዛ ከእታለማሁ ጋር መቂ ወረድን። የጋሽ ቶላ ልጅ ጫልቱ ነርስ ናት፣ ጴንጤ ናት፤ ድንኳኑ ውስጥ መዝሙር ይዘመራል። ማን እንደሆንን ስንነግራት ከአባቷ ጋር የሠሩ ሴቶች ማየቷ ገረማት።

«አባዬ ዝምተኛ ነበር» አለችን። «ጨዋታም አያውቅ። ማታ ማታ ብቻ እኛ ልጆቹን ቀሰቀስ አድርጎ ከአልጋው ሥር እንድናይለት ይጠይቀን ነበር። ምን እንደሚፈልግ አይነግረንም።»

እኔና እታለማሁ መተያየት ፈራን።

እኩለ ቀን ላይ ፓስተሩ ስለ ሟቹ ምስክርነት ያለው ይናገር አሉ። እታለማሁ በክርኗ ጎሸመችኝ። ከአዳማ እስከ መቂ መኪና ውስጥ ሳዘጋጀው የመጣሁት ጥሩ ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ደግነታቸው፣ ስለ ድፍረታቸው፣ ያ ሁሉ ዓመት እንዴት እንዳለፈልን። ተነሳሁ። ያ ሁሉ ሰው ሲያየኝ ንግግሩ በኖ ጠፋ።

«ጋሽ ቶላ» አልኩ። «ጋሽ ቶላ በጣም ያስፈሩኝ ነበር። እግዚአብሔር ይስጣቸው።»

ፊት ለፊት የተቀመጡ ሽማግሌ ጆሯቸውን በእጃቸው ደገፉ፣ በደንብ ያልሰሙ መስሏቸው። ከኋላዬ እታለማሁ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ ለሚያያት ለቅሶ ነው። እኔም ያዘኝ። በሰው ለቅሶ፣ ስልሳን ባለፈ ዕድሜዬ፣ ቆሜ ሳቅሁ።

ጫልቱ ሦስት ቀን ያለቀሰ ፊቷን አነሳች። አየችን፤ እኔን፣ እታለማሁን። ከዚያ ወንበሯን ስባ በመካከላችን ተቀመጠችና፣

«ንገሩኝ» አለች። «ከመጀመሪያው።»

ፓስተሩ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ የራሳቸውን ወንበር አስጠጉ።